ቁጥር ሲናገር፦ ከመፈረምዎ በፊት የሚጠየቁ አራት ጥያቄዎች

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላል የአገራችን ሰው። ሎሚው በሁለቱም በኩል ሃምሳ ነው፤ ቁጥሩ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ታሪኩን የለወጠው ሎሚው ለስንት ሰው እንደተካፈለ ነው። አባቶቻችን በዚህች አጭር አነጋገር ያስተማሩን ነገር ዛሬ በስደት ዓለም ሱቅ ለከፈተና ታክሲ ለሚነዳ ወገን ትልቅ ትምህርት ይዟል። ይኸውም ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግረንም፤ ቁጥሩን ያዋቀረውን ሰውና ዙሪያውን ማየት ያስፈልጋል ማለት ነው።

በንግድ ሥራ ላይ የተሰማራ ሰው ከጧት እስከ ማታ ቁጥር ይሰማል። «ይህ ሱቅ በወር 40 ሺህ ዶላር ይሸጣል»፣ «የዚህ ሰሌዳ ዋጋ ወርዶ አያውቅም»፣ «በሳምንት 1,400 ዶላር ይዘህ ትገባለህ» ይባላል። እነዚህ ቁጥሮች ሁልጊዜ ሐሰት ናቸው ማለት አይደለም። ችግሩ እውነተኛ የሆነ ቁጥርም ግማሽ ታሪክ ሊሆን መቻሉ ነው። ብዙ ሰው ለዓመታት ያጠራቀመውን ገንዘብ የሚያጣው በሐሰት ቁጥር ብቻ ሳይሆን፣ እውነት ሆኖ ሙሉ ባልሆነ ቁጥር ጭምር ነው።

በዚህ ትምህርት አንድ ምሳሌ ከታሪክ፣ አንድ ከፊልም ዓለም፣ አንድ ደግሞ ከታክሲ ንግድ እናያለን። ከነዚህም ጥያቄዎች አውጥተን በአንድ ሱቅ፣ በአንድ ታክሲና በራሳችን የታክስ ወረቀት ላይ እንሞክራቸዋለን። ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተገለጸ በቀር የሚጠቀሱት ዓመቶች እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ ጥያቄ፦ ማን ቆጠረው? ሳይቆጠር የቀረውስ ማን ነው?

በሮም ከተማ በቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ «ፒያሳ ዴይ ቺንኬቸንቶ» ይባላል። ትርጉሙም «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ማለት ነው። በሮም የሚኖሩ በርካታ ወገኖቻችን የሚገናኙበትና የሚያልፉበት ሥፍራ ነው። እነዚህ «አምስት መቶዎች» እነማን ናቸው?

ጉዳዩ በቀጥታ እኛን ይመለከታል። በጥር ወር 1879 ዓ.ም.፣ እንደ አውሮጳውያን በጃንዩወሪ 1887፣ በሌተና ኮሎኔል ቶማሶ ዴ ክሪስቶፎሪስ የሚመራ የጣልያን ጦር ከምጽዋ አካባቢ ተነሥቶ ሰሃጢ ላይ ወዳለው ምሽግ ሲጓዝ ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ተከበበ። የጣልያን ጦር ቁጥሩ ወደ 550 ይጠጋ ነበር። ከዚያም ውስጥ 430 ገደማ ሲሞቱ 80 የሚሆኑት ቆስለው ተረፉ። እንግዲህ የዘመተውም የሞተውም ልክ አምስት መቶ አልነበረም። ነገር ግን «አምስት መቶዎቹ» የሚለው አጠራር ለአፍ የሚመች፣ ለጋዜጣና ለሐውልት የሚስማማ ሙሉ ቁጥር ሆነ። ሽንፈቱ በዚህ ቁጥር ተጠቅልሎ የጀግንነት ታሪክ ተደረገ። የጣልያን ፓርላማም ለተጨማሪ ጦር ገንዘብ ፈቀደ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በ1888 ዓ.ም. የሆነውን ደግሞ ዓድዋ ይናገራል።

እዚህ ላይ ልብ የሚባሉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ቁጥሩ ሙሉ እንዲሆን ተደርጎ ተጠጋግቷል። ሁለተኛ፣ የተቆጠረው የአንድ ወገን ሰው ብቻ ነው። በዚያች ቀን የወደቁት የራስ አሉላ ወታደሮች ስንት እንደነበሩ የአደባባዩ ስም አይናገርም። ቆጣሪው የራሱን ቆጠረ፣ የሌላውን ተወ።

ይህ በንግድም ያው ነው። ሱቅ የሚሸጥ ሰው የሚቆጥረው የሸጠበትን ቀን እንጂ የተበላሸበትን ዕቃ አይደለም። አገናኙ ደላላም የሚቆጥረው ኮሚሽኑን ነው። በእቁባችን ገንዘቡ በዳኛውና በጸሐፊው እጅ፣ በሁሉም ፊት የሚቆጠረው ሰው ስለማይታመን አይደለም፤ ሁሉም ያየው ቁጥር ጠብ ስለማያመጣ ነው። ስለሆነም አንድ ቁጥር ሲነገርዎ መጀመሪያ «ይህን የቆጠረው ማን ነው? እኔስ በዓይኔ ማየት እችላለሁ?» ብለው ይጠይቁ።

2ኛ ጥያቄ፦ «ትርፍ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

በ1988 «ካሚንግ ቱ አሜሪካ» የተባለው ፊልም ወጣ። ኤዲ መርፊ ከአፍሪካ ወደ ኒውዮርክ መጥቶ በምግብ ቤት ውስጥ ወለል የሚጠርግ ልዑል ሆኖ የሠራበት ነው። ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ከ288 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። አርት ቡክዋልድ የሚባል ታዋቂ የጋዜጣ ጸሐፊ ግን «የፊልሙ ሐሳብ ቀደም ሲል እኔ ለፓራማውንት ኩባንያ ከሸጥኩት ታሪክ የተወሰደ ነው» ሲል ከሥራ ባልደረባው ከአለን በርንሃይም ጋር ክስ መሠረተ። በውሉም መሠረት ከ«የተጣራ ትርፍ» ላይ ድርሻ ነበራቸው።

ፍርድ ቤቱ በ1990 ፊልሙ በቡክዋልድ ታሪክ ላይ የተመሠረተ መሆኑን ወሰነ። ከዚህ በኋላ የመጣው ነገር ግን ብዙ ሰው አስገረመ። ኩባንያው «በውላችሁ ላይ በተጻፈው አሠራር መሠረት ፊልሙ የተጣራ ትርፍ የለውም» አለ። ከገቢው ላይ የማከፋፈያ ክፍያ፣ የማስታወቂያ ወጪ፣ የመሥሪያ ቤት ወጪና ወለድ እየተነሳ፣ ከጥቅል ገቢው ላይ ድርሻ ለነበራቸው ለዋናው ተዋናይና ለዳይሬክተሩም ተከፍሎ ሲያልቅ ለሌላው የሚተርፍ የለም ማለት ነው። ፍርድ ቤቱ ይህን የውል ቀመር ለኅሊና የማይመች ብሎ ሊቀበለው አልፈቀደም። በ1992ም ለሁለቱ ሰዎች በድምሩ 900,000 ዶላር እንዲከፈል ፈረደ። ይህም ገንዘብ ፊልሙ ካስገባው ጋር ሲነጻጸር ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም።

ከዚህ ምን እንማራለን? «ጥቅል ገቢ» እና «የተጣራ ትርፍ» የሰማይና የምድር ያህል ሊራራቁ ይችላሉ። ከወንድም ወይም ከጓደኛ ጋር በሽርክና ሱቅ ስንከፍት አብዛኛውን ጊዜ «ትርፉን እኩል እንካፈላለን» ብለን እንጨባበጣለን። ነገር ግን ትርፍ የምንለው ነገር የሥራ አስኪያጁ ደመወዝ ከተነሳ በኋላ ነው ወይስ በፊት? ለመነሻ ካፒታል የተበደርነው ገንዘብ መጀመሪያ ይከፈላል? ከሸሪኮቹ አንዱ በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት ቆሞ ሲሠራ ሌላው በሌላ ሥራ ላይ ቢሆን እንዴት ይታሰባል? ከሱቁ ለቤት የተወሰደው ዘይትና ሩዝስ? ይህ ሁሉ በጽሑፍ ካልሰፈረ ሁለቱም ሸሪኮች ሐቀኞች ሆነው ሳለ ይጣላሉ። ምክንያቱም ሁለቱ «ትርፍ» ሲሉ የሚያስቡት ለየብቻ ነውና። ወዳጅነትን የሚጠብቀው በጊዜው የተጻፈ ወረቀት ነው።

3ኛ ጥያቄ፦ ከመቼ እስከ መቼ ተቆጠረ? ዋጋው ነው ያደገው ወይስ ገቢው?

የኒውዮርክ ከተማ በ1937 ባወጣችው ሕግ የታክሲዎችን ቁጥር ወሰነች። በመኪናው ኮፈኖ ላይ የሚለጠፈው «ሜዳልዮን» የሚባል የቆርቆሮ ሰሌዳ ከሌለ ቢጫ ታክሲ መንዳት አይቻልም። በመጀመሪያ ዋጋው 10 ዶላር ብቻ ነበር። ቁጥሩ ውስን ስለሆነ ዋጋው ዓመት ከዓመት ጨመረ። በ2002 ወደ 200,000 ዶላር የነበረው በ2014 ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ደረሰ። ከተማው ራሱ አዳዲስ ሰሌዳዎችን በጨረታ ሲሸጥ ከአክሲዮን ገበያ የተሻለ ሀብት እንደሆነ አድርጎ ያስተዋውቅ ነበር።

ሰሌዳውን የገዙት በአብዛኛው ከተለያየ አገር የመጡ ስደተኞች ነበሩ። የተነገራቸውም ቁጥር እውነት ነበር፤ ዋጋው በርግጥ እየጨመረ ነበር። ያልተነገራቸው ሌላ ቁጥር ግን ነበር። ሰሌዳው አምስት እጥፍ ሲያድግ ታክሲው የሚያስገባው ገንዘብ በዚያው ልክ አላደገም። መንገደኛው የሚከፍለው ሒሳብ አምስት እጥፍ አልሆነም፤ ቀኑም ከ24 ሰዓት አልበለጠም። ታዲያ ዋጋውን ምን አሳደገው? በአመዛኙ ብድሩ ነው። አበዳሪዎች የነጂውን ገቢ ሳይሆን የሰሌዳውን ዋጋ እያዩ አበደሩ፤ ብዙ በተበደረ ቁጥር ዋጋው ጨመረ፤ ዋጋው በጨመረ ቁጥር ደግሞ ብዙ ተበደረ።

ብዙዎቹ ብድሮች ወለድ ብቻ የሚከፈልባቸው ነበሩ። ይህን በሒሳብ እንየው። 700,000 ዶላር በ4 ከመቶ ወለድ የተበደረ ሰው በዓመት 28,000፣ በወር ወደ 2,333 ዶላር ይከፍላል። አሥር ዓመት ሙሉ ቢከፍል 280,000 ዶላር ከኪሱ ይወጣል፤ ዋናው ዕዳ ግን ያው 700,000 ዶላር ሆኖ ይጠብቀዋል።

በኋላ ኡበርና መሰል ድርጅቶች ገበያውን ሲሻሙ፣ ብድሩም ሲጠብቅ ዋጋው ወደቀ። በ2018 ከ200,000 ዶላር በታች የተሸጡ ሰሌዳዎች ነበሩ። በዚያው ዓመት ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው ያጠፉ ነጂዎችም ነበሩ። በ2019 ኒውዮርክ ታይምስ ባወጣው ምርመራ ከተማው ከሰሌዳ ሽያጭና ከሽያጭ ታክስ ከ850 ሚሊዮን ዶላር በላይ ማግኘቱ ተገለጸ። በ2021 ነጂዎች በከተማው አዳራሽ ፊት ለፊት ለ15 ቀናት የረሃብ አድማ ካደረጉ በኋላ ዕዳቸው ወደ 170,000 ዶላር እንዲወርድና ከተማው ዋስ እንዲሆን ስምምነት ተደረሰ። ለብዙዎች መፍትሔው የመጣው ቤታቸውንና ጡረታቸውን ካጡ በኋላ ነበር።

ስለዚህ «ዋጋው እየጨመረ ነው» ሲባሉ «ገቢውስ?» ብለው ይጠይቁ። ዋጋ ሌላ ሰው ነገ ምን ያህል ይከፍላል የሚል ተስፋ ነው። ገቢ ግን ዛሬ ማታ በኪስዎ የሚገባው ነው። የጊዜውን ልክም ይጠይቁ። የአንድ ጥሩ ወር ወይም የበዓል ሰሞን ሽያጭ ዓመቱን አይወክልም። ቢያንስ የሦስት ዓመት መዝገብ ማየት ያስፈልጋል።

4ኛ ጥያቄ፦ ሁሉ ወጪ ሲነሳ ለእኔ ስንት ቀረ?

አሁን ወደ ገበያችን እንምጣ። የሚከተለው ለምሳሌ ያህል የቀረበ እንጂ የማንም ሱቅ ሒሳብ አይደለም። ሻጩ «በወር 40,000 ዶላር ይሸጣል» አለ እንበል።

ሽያጭ፦ 40,000
የዕቃ መግዣ (ከመቶ 72)፦ 28,800
የቤት ኪራይ፦ 4,000
መብራት፣ ውኃና ስልክ፦ 1,100
የአንድ ሠራተኛ ደመወዝ፦ 2,600
ኢንሹራንስ፣ ላይሰንስና የሒሳብ ሠራተኛ፦ 700
የክሬዲት ካርድ ኮሚሽንና የተበላሸ ዕቃ፦ 800
ቀሪ፦ 2,000
የብድር ክፍያ፦ 1,500
ለባለቤቱ የቀረ፦ 500 ዶላር

ባለቤቱ በቀን 12 ሰዓት፣ በወር 30 ቀን ቢሠራ 360 ሰዓት ይሆናል። 500 ዶላር ለ360 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት አንድ ዶላር ከ39 ሳንቲም ነው። ከዚህም ላይ ታክስ ገና አልተከፈለም። «40,000» የሚለው ቁጥር ሐሰት አልነበረም፤ ዳሩ ግን ከላይኛው መስመር ላይ ቆሞ የሚናገር ቁጥር ነው። የእርስዎ እንጀራ ያለው በታችኛው መስመር ላይ ነው።

ታክሲም እንዲሁ ነው። አንድ ነጂ በሳምንት 60 ሰዓት ሠርቶ 1,400 ዶላር አስገባ፤ 1,000 ማይልም ነዳ እንበል። አይ.አር.ኤስ. ለ2025 ለሥራ ለተነዳ አንድ ማይል የፈቀደው ተመን 70 ሳንቲም ነበር። ይህ ተመን ቤንዚኑን፣ ጥገናውን፣ ኢንሹራንሱንና የመኪናውን ማርጀት አንድ ላይ የሚገምት ነው። እንግዲህ 1,000 ማይል 700 ዶላር ይሆናል። የቀረው 700 ዶላር ለ60 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት ወደ 11 ዶላር ከ67 ሳንቲም ነው። የእያንዳንዱ መኪና ወጪ ይለያያል፤ ቢሆንም መኪናው በየማይሉ የሚበላውን ያልቆጠረ ነጂ የመኪናውን ዕድሜ እንደ ደመወዝ እየበላ መሆኑን የሚያውቀው ሞተሩ ሲቆም ነው።

የራስዎ ቁጥርስ ስለ እርስዎ ምን ይናገራል?

እስካሁን የተናገርነው ሌሎች ስለሚሰጡን ቁጥር ነው። እኛም ግን በየዓመቱ አፕሪል ላይ ስለራሳችን የምንጽፈው ታሪክ አለ፤ እሱም የታክስ ወረቀታችን ነው። ይህ ወረቀት ለአይ.አር.ኤስ. ብቻ የሚነበብ ይመስለናል። ነገር ግን ባንኩ፣ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱና የሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤቱም ያነቡታል።

ለምሳሌ በ2025 አንድ የአሜሪካ ነዋሪ ባለቤቱንና ሁለት ልጆቹን ለማስመጣት አመለከተ እንበል። ከራሱ ጋር ቤተሰቡ አራት ነው። አይ-864 በተባለው የዋስትና ፎርም ላይ ገቢው ከድህነት መለኪያው 125 ከመቶ መድረሱን ማሳየት አለበት። በ2025 መለኪያው ለአራት ሰው 32,150 ዶላር ስለነበር 125 ከመቶው 40,187 ዶላር ይሆናል። ቁጥሩ በየዓመቱ ይለወጣል። አመልካቹ የሱቅ ባለቤት ነው፤ በዓመት 300,000 ዶላር ይሸጣል። በፎርሙ ላይ ግን የሚታየው ሽያጩ ሳይሆን በስኬጁል ሲ ላይ ወጪ ተነሥቶ የቀረው ነው። ያም 14,000 ዶላር ብቻ ከሆነ 26,187 ዶላር ይጎድለዋል። ጉድለቱን በንብረት ልሙላ ቢል፣ አመልካቹ ግሪን ካርድ ያዥ ከሆነ አምስት እጥፍ፣ ማለትም 130,935 ዶላር የሚያወጣ ከዕዳ ነፃ የሆነ ሀብት ያስፈልገዋል። የአሜሪካ ዜጋ ከሆነ ሦስት እጥፉ 78,561 ዶላር ይጠየቃል። ይህ ከሌለ ገቢው የሚበቃ ሌላ ዋስ መፈለግ ግድ ነው።

ሕግ የፈቀደውን ወጪ ሁሉ መቀነስ መብትዎ ነው። ሽያጭን መደበቅ ግን ወንጀል ነው፤ ከዚያም አልፎ ቤተሰብን ከማዶ አስቀርቶ ዋጋ ያስከፍላል። የቀድሞው ወረቀት ስሕተት ካለበት ፈቃድ ባለው የሒሳብ ባለሙያ አማካይነት በፎርም 1040-ኤክስ ማረም ይቻላል። ለማመልከቻው ሲባል ያልነበረ ገቢ መፍጠር ግን ከመጀመሪያው የባሰ ጥፋት ነው።

የጡረታ ነገርም አለ። ሶሻል ሴኩሪቲ የጡረታዎን ልክ የሚያሰላው ከፍተኛ ገቢ ካገኙባቸው 35 ዓመቶች ነው። ገቢ ያልተመዘገበበት ዓመት ዜሮ ሆኖ ይገባል። በአርባ ዓመትዎ ከአገር ወጥተው ለአሥር ዓመት ገቢዎን ዝቅ አድርገው ካስመዘገቡ፣ በስተርጅና ቼኩ ሲመጣ ያንኑ ዝቅተኛ ቁጥር ይነግርዎታል።

የልደት ቀንም ቁጥር መሆኑን አንርሳ። በ1960 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በአውሮጳውያን 1967 ወይም 1968 ነው። ሳይለወጥ «1960» ተብሎ ከተሞላ ሰውየው በወረቀት ላይ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጃል። ሌላው ሰነድ ትክክለኛውን ከያዘ ደግሞ ሁለቱ ወረቀቶች እርስ በርሳቸው ይካሰሳሉ። ማንኛውንም ፎርም ከመፈረምዎ በፊት ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ያረጋግጡ።

ለማጠቃለል ያህል

ሱቅ፣ ታክሲ ወይም ሽርክና ሲቀርብልዎ እነዚህን በወረቀት ላይ ይጻፉና መልሳቸውን ይሙሉ።

1. ቁጥሩን ማን ቆጠረው? ሻጩ ለአይ.አር.ኤስ. ያቀረበውን የሦስት ዓመት የታክስ ወረቀትና የባንክ ስቴትመንት ያሳያል? «ለታክስ የጻፍኩት ሌላ ነው፣ እውነተኛው ይህ ነው» የሚል ሻጭ ለመንግሥት የዋሸውን ለእርስዎ የማይዋሽበት ምክንያት የለውም።
2. ትርፍ የተባለው ከምን በኋላ የቀረው ነው? በውሉ ላይ ተጽፏል?
3. ቁጥሩ ከመቼ እስከ መቼ ያለውን ያሳያል? ያደገው ዋጋው ነው ወይስ ገቢው? የቤት ኪራዩ ሊዝ መቼ ያልቃል?
4. ወጪው ሁሉ ተነሥቶ፣ በሰዓት ሲካፈል ለእኔ ስንት ይቀራል?

ውል በእንግሊዝኛ ስለሆነ ብቻ፣ ወይም ሻጩ ወገን ስለሆነ ይሉኝታ ይዞን ሳንጠይቅ መፈረም የለብንም። መጠየቅ ሰውን መጠራጠር አይደለም፤ ሐቀኛ ሻጭ ወረቀቱን ለማሳየት አይቸገርም። ከላይ የሰጠነው ለግንዛቤ ያህል ስለሆነ፣ በየራስዎ ጉዳይ ላይ ጠበቃና የሒሳብ ባለሙያ ያማክሩ። ለምክሩ የሚከፈለው ጥቂት መቶ ዶላር ከሚመጣው ኪሳራ ጋር ሲመዛዘን ትንሽ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና፣ ቁጭ ብለን ቆጥረን እንፈርም።

ቸር ይግጠመን።